የካርቦን ናኖ ቁሶች በኤሌክትሮኬሚካል ዳሳሾች ውስጥ፦ ምን ተረጋገጠ፣ ምን ከሸፈ?

ካርቦን ለኤሌክትሮድነት ማገልገል የጀመረው ስለ ናኖ መጠን ማንም ሳያነሣ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ የኤሌክትሪክ ቅስት ብርሃንን ያሳየው በከሰል ዘንጎች ነበር። ካርቦንን ተመራጭ ያደረጉት ባሕርያት ዛሬም እነዚያው ናቸው። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አሲድም ሆነ አልካሊ በቀላሉ አይበላውም፤ በውሃ ውስጥ ሰፊ የቮልቴጅ ክልል ይችላል፤ ዋጋው ከወርቅና ከፕላቲነም ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በኬሚካል ትንተና ግን ረጅም ጊዜ የነገሠው ሜርኩሪ ነበር። ቼካዊው ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ በ1922 ፖላሮግራፊ የተባለውን ዘዴ የመሠረተው በሜርኩሪ ጠብታ ነው፤ በ1959ም የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ሜርኩሪ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ቮልቴጁ ጥቂት ወደ አዎንታዊው ወገን ሲያልፍ ራሱ መሟሟት ይጀምራል። ስለዚህ ኤሌክትሮን በመስጠት የሚታወቁትን እንደ ዶፓሚን፣ ቫይታሚን ሲ፣ ካፌይንና ብዙ መድኃኒቶች ያሉትን ሞለኪውሎች መለካት አይችልም። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ራልፍ አዳምስ በ1958 የግራፋይት ዱቄትን በዘይት ለውሶ ያዘጋጀው የካርቦን ሊጥ ኤሌክትሮድ ይህን ክፍተት ሞላ። በ1960ዎቹ ደግሞ ግላሲ ካርቦን የተባለው ጠንካራና አንጸባራቂ ካርቦን መጣ፤ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የኤሌክትሮኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው እርሱ ነው።

ናኖ ቁሶቹ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ፉለሪን የተባለው 60 የካርቦን አቶሞችን የያዘ ኳስ መሰል ሞለኪውል በ1985 ተገኘ፤ ክሮቶ፣ ስሞሊና ከርል በ1996 ለዚሁ ተሸለሙ። በዳሳሽ ሥራ ግን ፉለሪን ብዙም አልተራመደም። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 ባለ ብዙ ግድግዳ ናኖቱቦችን ገልጾ ሲያሳትም የሳይንሱ ዓለም ትኩረት ወደዚያ ዞረ። ሁለት የሶቪየት ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ቱቦዎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አንሥተው በ1952 አሳትመው ነበር፤ በሩሲያኛ በመውጣቱ ከሀገራቸው ውጭ የሚያነበው አላገኘም። ባለ አንድ ግድግዳው ቱቦ በ1993 ተከተለ። በ2004 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ግራፋይትን በተራ ፕላስተር እየላጡ የአንድ አቶም ውፍረት ያለውን ንጣፍ፣ ግራፊንን፣ ለይተው አወጡ፤ ኖቤሉም በ2010 መጣ። በዚያው በ2004 የናኖቱቦችን ጥላሸት ሲያጠሩ የነበሩ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሳያስቡት የሚያበሩ ቅንጣቶችን አገኙ፤ ዛሬ ካርቦን ዶት ይባላሉ። እነዚህ ከኤሌክትሪክ ይልቅ በብርሃን ለሚሠሩ ዳሳሾች የተመቹ ናቸው።

የሁሉም መሠረት አንድ ነው። እያንዳንዱ ካርቦን ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር በ0.142 ናኖሜትር ርቀት ተያይዞ ባለ ስድስት ማዕዘን መረብ ይሠራል፤ መረቦቹ በ0.335 ናኖሜትር ልዩነት ሲደራረቡ ግራፋይት ይሆናሉ። አንዱ ንጣፍ እንደ ሰሌን ሲጠቀለል ናኖቱብ ይሆናል። የተጠቀለለበት አቅጣጫም ባሕርዩን ይወስናል፤ ከባለ አንድ ግድግዳ ቱቦዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፣ ቀሪዎቹ ሴሚኮንዳክተር ናቸው። የአንድ ግራም ግራፊን የገጽ ስፋት በስሌት 2,630 ካሬ ሜትር ይደርሳል። በዳሳሽ ጽሑፎች መግቢያ ላይ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ይህ ቁጥር ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተውም እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ምክንያቱን ለማየት ዳሳሹ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል። በኤሌክትሮዱ ላይ ቮልቴጅ ሲጫን የሚፈለገው ሞለኪውል ወደ ገጹ ደርሶ ኤሌክትሮን ይሰጣል ወይም ይቀበላል፤ የሚፈሰው ጅረት ይለካል። ጅረቱ ከፍ የሚልበት ቮልቴጅ ሞለኪውሉ ምን እንደሆነ፣ የጅረቱ መጠን ደግሞ ምን ያህል እንዳለ ይጠቁማል። እዚህ ላይ ሁለት እርምጃዎች አሉ፤ አንደኛው ሞለኪውሉ በፈሳሹ ውስጥ ተጉዞ ገጹ ላይ መድረሱ፣ ሁለተኛው ኤሌክትሮኑ መተላለፉ ነው። የሚዘገየው እርምጃ ውጤቱን ይወስናል። የገጹ ስፋት ስለጨመረ ብቻ ሞለኪውሉ በፈሳሹ ውስጥ ፈጥኖ አይጓዝም። ከዚህም ሌላ ማንኛውም ኤሌክትሮድ በፈሳሽ ውስጥ ሲሆን ምንም የሚለካ ነገር ባይኖርም እንኳ እንደ ካፓሲተር እየተሞላ የጀርባ ጅረት ያሳልፋል። ይህ ጅረት ከስፋቱ ጋር እኩል ያድጋል። ምልክቱም የጀርባው ጅረትም አብረው ዐሥር እጥፍ ካደጉ ዳሳሹ ትንሹን መጠን የመለየት አቅሙ ያው ነው።

ናኖቱብ ለመጀመሪያ ጊዜ በኤሌክትሮድነት ሲሞከር ግን ውጤቱ አስገራሚ ነበር። በ1996 ብሪቶ፣ ሳንታናምና አጃያን ከናኖቱብ በሠሩት ኤሌክትሮድ ዶፓሚን በጣም ፈጥኖ ኤሌክትሮን እንደሚሰጥ አሳዩ። በ2002 ጆሴፍ ዋንግና ባልደረቦቹ በሕዋሳት ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያመላልሰውን ኤንኤዲኤች የተባለ ሞለኪውል ከወትሮው እጅግ ባነሰ ቮልቴጅ ለመለካት ቻሉ። ዝቅተኛ ቮልቴጅ ማለት ሌሎች ሞለኪውሎች በልኬቱ ጣልቃ የሚገቡበት ዕድል ጠበበ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጎርፉ ተከፈተ። ናኖቱብ፣ ከ2004 በኋላም ግራፊን፣ በግላሲ ካርቦን ላይ ጠብ ይደረጋል፤ ይደርቃል፤ አንድ ሞለኪውል ይለካበታል፤ ውጤቱ ከባዶው ኤሌክትሮድ ይነጻጸራል፤ «ካታሊስታዊ ብቃት ታየ» ተብሎ ይታተማል። ዘዴው ቀላል በመሆኑ በመላው ዓለም ብዙ ሺህ ጽሑፎች በዚህ ቅርጽ ወጥተዋል።

የመጀመሪያው ጠንካራ ጥያቄ የመጣው ከኦክስፎርድ ነው። የሪቻርድ ኮምፕተን ቡድን በ2006 ባሳተመው ሥራ ናኖቱቦቹ በተሠሩበት ሂደት በውስጣቸው የቀረ የብረት ቅንጣት እንዳለ፣ ሃይድራዚን የተባለውን ኬሚካል ለመለካት የታየው ብቃትም ከካርቦኑ ሳይሆን ከዚያ ብረት እንደመጣ አሳየ። ለሃይድሮጅን ፐሮክሳይድም ተመሳሳይ ነገር ተገኘ፤ ሥራውን የሠራው የብረት ኦክሳይዱ ነበር። ናኖቱብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድገው በብረት፣ በኮባልት ወይም በኒኬል ቅንጣት ላይ ነውና ይህ ሲታሰብ ሊያስደንቅ አይገባም ነበር። በአሲድ ማጠብም ብረቱን ጠርጎ አያወጣውም፤ ቅንጣቶቹ በካርቦን ንጣፍ ተሸፍነው ስለሚቀሩ አሲዱ አይደርስባቸውም። በብዙ ጽሑፎች ላይ «አጠብነው» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቀር የቀረው ብረት መጠን አይገለጽም ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ረቂቅ ነው። ናኖቱቦች ሲደራረቡ ቀዳዳ የበዛበት ንጣፍ ይሆናሉ፤ ፈሳሹም በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይታመቃል። በዚያ የታመቀ ስስ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሞለኪውል ከሩቅ መጓዝ ሳያስፈልገው በአንድ ጊዜ ያልቃል፤ በግራፉ ላይ የሚታየው ጫፍም ወደ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ይሸሻል። የሚመለከተው ሰው ኤሌክትሮን በፍጥነት እንደተላለፈ ያስባል፤ የተለወጠው ግን የሞለኪውሉ መንገድ ነው። ኮምፕተንና ባልደረቦቹ በ2008 ይህን በሒሳብ አስረድተዋል። ቀዳዳነቱ በራሱ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ የዶፓሚንና የቫይታሚን ሲ ጫፎች የሚለያዩት አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ «ካታሊስት» የሚለው ስም አይገባውም።

ሦስተኛው ክርክር እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በግራፋይት ላይ ኤሌክትሮን የሚተላለፈው በንጣፉ ጠርዝ ነው ወይስ በንጣፉ ገጽም ጭምር? ለረጅም ጊዜ የጸናው አስተያየት ጠርዙ ብቻ ንቁ ነው፣ ለስላሳው ገጽ ሙት ነው የሚል ነበር። በዎሪክ ዩኒቨርሲቲ የፓትሪክ አንዊን ቡድን ጫፏ ከማይክሮሜትር ባነሰች የፈሳሽ ጠብታ ገጹን ነጥብ በነጥብ ሲለካ፣ አዲስ የተላጠ የግራፋይት ገጽ ለብዙ ሞለኪውሎች ንቁ ሆኖ አገኘው፤ አየር ሲነካው ግን ንቃቱ በሰዓታት ውስጥ ይደክማል። በ2013 ከፒትስበርግ የወጣ ሥራ ደግሞ ከአየር የሚመጣ ጥቃቅን የሃይድሮካርቦን ብክለት የግራፊንንና የግራፋይትን ገጽ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚሸፍንና ከውሃ ጋር ያለውን ጠባይ እንደሚለውጥ አሳየ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ የቀድሞዎቹ ልኬቶች ስንቱ የካርቦን፣ ስንቱ የቤተ ሙከራው አየር እንደነበር መለየት ያዳግታል። ግራፊን ራሱም በኤሌክትሮን መተላለፊያነት ያን ያህል የተመቸ አይደለም። በዋናው የኃይል ደረጃው አካባቢ ያሉት የኤሌክትሮን ቦታዎች ጥቂት ናቸው። የተጎዳ፣ ኦክስጅን የተጣበቀበት፣ ጠርዝ የበዛበት ግራፊን ከንጹሑ የተሻለ የሚሠራው ለዚህ ነው። አብዛኛው «የግራፊን ዳሳሽ» እንዲያውም ግራፊን አይደለም፤ ግራፋይትን በሰልፈሪክ አሲድና በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ኦክሳይድ የሚያደርገው የ1958ቱ የሃመርስ ዘዴ የሚሰጠው የግራፊን ኦክሳይድ ነው፤ እርሱም መልሶ ሲቀነስ ኦክስጅንም የማንጋኒዝ ርዝራዥም ይቀርበታል።

የማርቲን ፑሜራ ቡድን በ2020 ያሳተመው ሙከራ የዚህ ሁሉ ዘመን ፌዝ ነው ማለት ይቻላል። ተመራማሪዎች በግራፊን ውስጥ ናይትሮጅን፣ ሰልፈር፣ ፎስፎረስ እያስገቡ እያንዳንዱ «ከንጹሑ ይሻላል» እያሉ ሲያሳትሙ፣ እነርሱ የወፍ ኩስ አስገቡበት። የወፍ ኩስ የተጨመረበት ግራፊንም ከባዶው ተሽሎ ተገኘ። ጽሑፉ በታወቀ መጽሔት የወጣ እውነተኛ ሥራ ነው። ቁም ነገሩም፣ ባዶው ግራፊን ራሱ ደካማ በመሆኑ ማንኛውም ነገር ያሻሽለዋል፤ ስለዚህ «ከባዶው ይሻላል» የሚለው መመዘኛ ምንም አይመዝንም የሚል ነው። ትክክለኛው ንጽጽር ከዛሬው ምርጥ ኤሌክትሮድ ጋር ነው።

ከሁሉ የከፋው የተሳሳተ መንገድ በስኳር መለኪያ ላይ የተሄደው ነው። ክላርክና ላየንስ በ1962 ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም በኤሌክትሮድ ላይ የማሰር ሐሳብ አቀረቡ። ኢንዛይሙ ግሉኮስን ሲበላ ኦክስጅንን ወደ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይለውጣል፤ ያንን መለካት ግሉኮሱን መለካት ነው። በ1984 የኦክስፎርድና የክራንፊልድ ተመራማሪዎች ፌሮሲን የተባለ ኤሌክትሮን አመላላሽ ሞለኪውል አስገቡበት፤ በ1987ም በዚያ መሠረት የተሠራው እስክሪቢቶ መሰል መለኪያ ለገበያ ቀረበ። ናኖቱብ ሲመጣ ብዙዎች አመላላሹ ራሱ ሊቀር ነው አሉ፤ ቱቦው በኢንዛይሙ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሮኑን በቀጥታ ይወስዳል ተባለ። የዚህ ምልክት ነው ተብሎ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጽሑፎች የቀረበው ጫፍ ግን ከኢንዛይሙ ተነጥሎ በካርቦኑ ላይ ከተለጠፈው ኤፍኤዲ የተባለ ክፍል የሚመጣ መሆኑን ጆርጅ ዊልሰን በ2016 ጻፈ፤ ባርትሌትና አል-ሎላጅ ደግሞ በ2018 ማስረጃውን አንድ በአንድ መርምረው ለተፈጥሯዊው ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ይህን የሚደግፍ ነገር የለም ብለው ደመደሙ። ንቁው ክፍል በፕሮቲኑ ውስጥ ጠልቆ የተቀበረ ነው፤ ኤሌክትሮን ከ1.5 ናኖሜትር ገደማ በላይ ዘልሎ ለመሄድ እጅግ ይዘገያል። ሃሳቡ ለሁሉም ኢንዛይም ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ላኬዝና ቢሊሩቢን ኦክሲዴዝ ንቁ ማዕከላቸው ወደ ገጽ የቀረበ በመሆኑ በናኖቱብ ላይ በቀጥታ ይሠራሉ፤ የባዮ ነዳጅ ሕዋሳት ምርምር የቆመውም በእነርሱ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ትችት ካርቦን ናኖ ቁስ ለዳሳሽ አይረባም ወደሚል ድምዳሜ አይወስድም። የሚረባባቸው ቦታዎች አሉ፤ ጥቅሙ ግን ከተባለው የተለየ ነው። አንደኛው ጥቅም ማቀፊያ መሆን ነው። ናኖቱብ ኢንዛይሙን፣ ፀረ እንግዳ አካሉን ወይም የብረት ቅንጣቱን ተሸክሞ ኤሌክትሪኩን ያደርስለታል፤ ብዙ ተሸካሚ ቦታ ባለበት ንጣፍ ላይ ብዙ ኢንዛይም ይጫናል፤ እዚህ ላይ የገጽ ስፋት በእርግጥ ይጠቅማል። ሁለተኛው ጥቅም መሳብ ነው። ቀለበት ያላቸው ሞለኪውሎች፣ ለምሳሌ ብዙ መድኃኒቶችና ፀረ ተባዮች፣ በካርቦኑ ገጽ ላይ ይለጠፋሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ ሲለካ ከፈሳሹ የተሰበሰበው ሁሉ በአንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማል። ነገሩ ሌላ ገጽታም አለው፤ የሚለጠፈው ከገጹ ለመላቀቅ እምቢ ሲል ዳሳሹ ለሁለተኛ ልኬት አይሆንም።

ዶፓሚን የዚህ መስክ ተወዳጅ ሞለኪውል ሆኖ ቆይቷል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከትክክለኛው ቦታው ውጭ ነው የሚለካው። በአንጎል ሕዋሳት መካከል ያለው ዶፓሚን በናኖሞላር ደረጃ ነው፤ በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ከእርሱ በዐሥር ሺህ እጥፍ ይበልጣል፤ ሁለቱም በተቀራረበ ቮልቴጅ ኤሌክትሮን ይሰጣሉ። አዳምስና ባልደረቦቹ በ1973 በአይጥ አንጎል ውስጥ የካርቦን ኤሌክትሮድ አስገብተው ለመለካት ሲሞክሩ የገጠማቸው ይኸው ነበር። መፍትሔውን ያመጣው ማርክ ዋይትማን ነው፤ ሰባት ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት ባለው የካርቦን ክር ላይ ቮልቴጁን በሰከንድ 400 ቮልት ፍጥነት እያመላለሰ ዶፓሚንን በሚለቀቅበት ቅጽበት ያዘው። ከናኖቱብ የተፈተሉ ክሮች በዚህ ዘዴ በእርግጥ ተሽለው ተገኝተዋል፤ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የጂል ቬንተን ቡድን ያሳየው የናኖቱብ ክር ልኬቱ ቢደጋገምም ምልክቱ እንደማይደክም ነው። ይህ ናኖቱብ በግላሲ ካርቦን ላይ ጠብ ተደርጎ በብርጭቆ ውስጥ ከሚለካው ዶፓሚን የተለየ ሥራ ነው።

በከባድ ብረቶች ላይ ካርቦን ሌላ ዓይነት ድል አለው። በውሃ ውስጥ ያለ ሊድና ካድሚየም በአሉታዊ ቮልቴጅ በኤሌክትሮዱ ላይ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ቮልቴጁ ሲመለስ እያንዳንዱ ብረት በየቦታው እየተላቀቀ ጫፍ ይሰጣል። ለዚህ ድሮ የሜርኩሪ ስስ ሽፋን ያስፈልግ ነበር። ጆሴፍ ዋንግ በ2000 ሜርኩሪን በቢስሙት ተካው፤ ቢስሙት መርዛማነቱ እጅግ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የሊድ ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ይህ መጠን በታተመ ካርቦን ላይ በቢስሙት በምቾት ይለካል። ናኖቱብም ሆነ ግራፊን ሲጨመር ጫፉ ከፍ ይላል፤ ለዚህ ጣሪያ ግን መጨመሩ ግድ አይደለም።

በትራንዚስተር የሚሠሩት ዳሳሾች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። በ2000 ከስታንፎርድ የወጣው ሥራ ባለ አንድ ግድግዳ ሴሚኮንዳክተር ናኖቱብ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና አሞኒያ ሲነካው የማስተላለፍ አቅሙ በብዙ እጥፍ እንደሚለዋወጥ አሳየ። የማንቸስተሩ ቡድን በ2007 ግራፊን አንድ የጋዝ ሞለኪውል ሲለጠፍበት እንኳ ለመለየት እንደሚቻል አሳተመ። በጋዝ ላይ ይህ አስደናቂ ነው። በደም ላይ ግን ጨው ይገባበታል። በደም ጨው መጠን ውስጥ የአንድ የኤሌክትሪክ ሙል ተጽዕኖ ከአንድ ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ተሸፍኖ ይጠፋል፤ ፀረ እንግዳ አካል ግን በራሱ ዐሥር ናኖሜትር ያህል ቁመት አለው። የተያዘው ሞለኪውል ከግራፊኑ ጋር የሚነጋገርበት ርቀት አልፏል ማለት ነው። ስለዚህ ናሙናው ይቀጠናል ወይም ጨው ይወጣለታል፤ ያኔ «ቀጥታ ከደም» የሚለው ነገር ይቀራል። አጫጭር ማያያዣዎችና የተቆረጡ ፀረ እንግዳ አካላት ችግሩን በከፊል ያቃልላሉ።

ከቤተ ሙከራ ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ የዘጋው ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ተራ ነገር ነው፤ አንዱ ኤሌክትሮድ ከሌላው አይመሳሰልም። በ2018 በሲንጋፖር የሚገኙ ተመራማሪዎች ከ60 አምራቾች «ግራፊን» ተብሎ የተሸጠውን ዱቄት ገዝተው መረመሩ። በአብዛኞቹ ውስጥ የእውነተኛው ግራፊን ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ነበር፤ ቀሪው በቅጡ ያልተላጠ ግራፋይት ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2017 ግራፊን ማለት አንድ ንጣፍ እንደሆነ፣ ጥቂት ንጣፍ ያለውም እስከ ዐሥር ድረስ ብቻ እንደሚቆጠር ወስኖ ነበር። ናኖቱብም ከዚህ አይሻልም፤ ርዝመት፣ ውፍረት፣ የቀረ ብረት፣ የሚያስተላልፉትና የማያስተላልፉት ድርሻ ከአንድ ጥቅል ወደ ሌላው ይለያያል። ጠብታ በእጅ ጠብ አድርጎ ማድረቅም ራሱ ችግር ነው፤ ጠብታው ሲደርቅ ቅንጣቶቹ ወደ ጠርዝ ይሰበሰባሉ፣ መካከሉ ይሳሳል። የሚታተመው «ዝቅተኛው ሊለካ የሚችል መጠን» በንጹሕ ፈሳሽ ላይ ከተገኘ መስመር በስሌት የወጣ ሲሆን፣ ወተትና ደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን በኤሌክትሮዱ ላይ ሲለጠፍ ያ ቁጥር ከቦታው አይገኝም።

ሁለት ርካሽ መንገዶች ከዚህ ውዥንብር ወጥተው ተስፋ ሰጥተዋል። የጎማ ፋብሪካ በቶን የሚጠቀምበት ካርቦን ብላክ፣ ማለትም የተጣራ ጥላሸት፣ ከናኖቱብ እጅግ ርካሽ ነው፤ በታተሙ ኤሌክትሮዶች ላይ ብዙውን የናኖቱብ ሥራ ይሠራል። ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በዚህ ረገድ ብዙ ደክመዋል። ሌላው በ2014 በራይስ ዩኒቨርሲቲ የጄምስ ቱር ቡድን ያሳየው የሌዘር ግራፊን ነው፤ ፖሊይሚድ በተባለ ፕላስቲክ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ሲያልፍበት ቀዳዳ የበዛበት ግራፊን በቀጥታ ይሳላል፤ በ2018 ደግሞ በጨርቅ፣ በወረቀትና በዳቦ ላይ ሳይቀር ተሠራ። ኬሚካል የለውም፣ ጠብታ የለውም፣ አንዱ ከሌላው ይመሳሰላል።

ከዳሳሽ ውጭ ያለው ሥራ ባጭሩ ሊነገር ይችላል። የግራፊን ጥንካሬ በ2008 ሲለካ የመለጠጥ ጽናቱ ወደ 1,000 ጊጋፓስካል፣ የመሰበሪያ ጥንካሬው ወደ 130 ጊጋፓስካል ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ከየትኛውም ብረት የበለጠ ነው። ይህ ቁጥር ግን ለአንድ እንከን አልባ ንጣፍ እንጂ ለድብልቅ ፕላስቲክ አይደለም። ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በናኖቱብ ማምረት ብዙ ገንዘብ ካፈሰሰ በኋላ በ2013 ሥራውን ዘጋ። ፎርድ ከ2018 ጀምሮ በመኪና ሞተር አካባቢ ባሉ የፎም ክፍሎች ውስጥ ጥቂት ግራፊን ይጨምራል። ዛሬ ናኖቱብ በትክክል በብዛት የሚፈለገው በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ነው፤ ጥቂት መጠን ብቻ ሲጨመር በቅንጣቶች መካከል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 ጀምሮ ለዐሥር ዓመታት በአንድ ቢሊዮን ዩሮ በጀት የግራፊን ምርምርን ደግፏል።

የጤናው ጉዳይ በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ነው። በ2008 የታተመ የአይጥ ጥናት ረጃጅምና ግትር ባለ ብዙ ግድግዳ ናኖቱቦች በሆድ ሽፋን ላይ እንደ አስቤስቶስ ዓይነት ቁስለት እንደሚያመጡ አሳይቷል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2014 ኤምደብልዩሲኤንቲ-7 የተባለውን ናኖቱብ «ካንሰር ሊያመጣ የሚችል» ብሎ በ2ቢ ምድብ አስቀመጠው፤ ሌሎቹን ለመመደብ ማስረጃው አልበቃም። በዳሳሽ ገጽ ላይ የታሰረ ናኖቱብ ለተጠቃሚ አደጋው ትንሽ ነው፤ ዱቄቱን በቤተ ሙከራ የሚመዝነው ተማሪ ግን መተንፈሻ መሸፈኛና የአየር ማስወጫ ያስፈልገዋል።

በኢትዮጵያ ይህ መስክ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኬሚስትሪ የቆየ ትምህርት ነው፤ በ2012 ከዚያው የወጣ ሥራ ግላሲ ካርቦንን በፖሊመር ሽፋን ሸፍኖ በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን ለክቷል። ካፌይን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚጠይቅ፣ በባዶ ካርቦን ላይ ደብዘዝ ያለ ምልክት የሚሰጥ ሞለኪውል ነው። ለሥራው ናኖቱብ አላስፈለገም። የሀገሪቱ ችግሮች ሁሉ ደግሞ በካርቦን የሚለኩ አይደሉም፤ በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ኤሌክትሮድ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሚገባ ይለካል። ክፍተቱ ያለው በሌላ ቦታ ነው። በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የአፍላቶክሲን ኤም1 መጠናቸው ከአውሮፓ ኅብረት ጣሪያ፣ ከሊትር 0.05 ማይክሮግራም፣ በላይ እንደሆነ አሳየ፤ ዋናው ምንጭም ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ይህን መጠን የሚለኩ መሣሪያዎች ውድ ናቸው፤ ወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ላይ አይገኙም። በጥላሸት የታተመ ወይም በሌዘር የተሳለ ካርቦን ላይ ፀረ እንግዳ አካል አስሮ ይህን መለካት በመርህ ይቻላል፤ ፈተናው የወተት ፕሮቲንና ቅባት ገጹን እንዳይሸፍኑት ማድረግና ፀረ እንግዳ አካሉን በሙቀት ጠብቆ ማቆየት ነው። ሁለቱም የናኖ ካርቦን ጥያቄዎች አይደሉም። በጀትና ጉልበት መዋል ያለበት ግን በእነዚህ ላይ ነው።

እስካሁን በዓለም ገበያ በቢሊዮን ቁጥር የተሸጠው ኤሌክትሮኬሚካል ዳሳሽ የደም ስኳር መለኪያ ስትሪፕ ነው፤ ካርቦን በሚጠቀሙት ውስጥም የታተመው በአመዛኙ ተራ የግራፋይትና የካርቦን ብላክ ቀለም ነው።